የጣና ዓሦች ሽቅብ ጉዞ

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከአባቴ ጋራ ከባሕር ዳር በመኪና ተነሥተን፥ አደይ አበባ የለበሰውን ሜዳ አቋርጠን ወደ ጉማራ ወንዝ ሄድን። በክረምት ማብቂያ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን በገባር ወንዞች ጠጠር ላይ ሊጥል ከጣና ሐይቅ ይወጣል። ውሃው ወደ ኋላ ሲመልሰው ደጋግሞ ሽቅብ ሲታገል ቆመን አየን። የፓስፊክ ሳልሞን ዕንቁላሉን ከጣለ በኋላ ይሞታል፤ የጣናው ዓሣ ግን በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ ካልያዘው ወደ ሐይቁ ተመልሶ በሌላ ዓመት ይመጣል።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አሥጋሪ አግኝቼ፥ «አባባ፥ ዕንቁላሉን እስኪጥል ቢታገሡት ምናለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ብታገሠው ለከርሞ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ የልጅ ልጆቼን የሚርባቸው ግን ዛሬ ነው» አሉኝ።

ወዳጆቼ ሆይ፥ እኔ በእርሳቸው አልፈርድም። ነገር ግን ለእነዚያ ጥቂት ሳምንቶች ለአሥጋሪው ሌላ እንጀራ ካልተገኘለት፥ የነገው ልጅ በዚህ ወንዝ የሚያየው ውሃውን ብቻ ይሆናል።