ቁጥርና መዝገቡ

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመውና ካዱ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአርሲ ደጋ ስለ ስንዴ ዘር፣ ስለ ወተት ላሞችና ስለ ትራክተር እርሻ ያካሄዳቸውን ጥናቶች በተራ ቁጥር ያሳትም ስለነበር፣ ቁጥሩን ያየ ሰው ጥናቱን ከዝርዝሩ ማመሳከር ይችል ነበር። ከዚያው ከአሰላ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ዐውደ ርእይ የሥዕል ኅትመት የሚገዛ ሰብሳቢ ግን ሌላ ዓይነት ቁጥር ይገጥመዋል፤ በግርጌው በእርሳስ የሚጻፈው 7/50 ከአንድ ቅርጽ 50 ቅጂዎች እንደታተሙና ይህኛው 7 ቁጥር እንደተሰጠው የሚገልጽ ሲሆን፣ ከአጠገቡም የሠዓሊው ፊርማ ይሰፍራል።

ይህ የተከበረ ልማድ የሚታሰበውን ያህል ጥንታዊ አይደለም። በእርሳስ መፈረም የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንደ ዊስለር ባሉ ሠዓሊዎች ሲሆን፣ ቁጥሩ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ዋስትናነቱም ቢሆን ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ የፈረመባቸውን፣ ነገር ግን ምንም ያልታተመባቸውን 40,000 ወረቀቶች ወደ አንዶራ በሚጓዝ መኪና ላይ ሲያገኝ፣ እውነተኛ ፊርማ ገና ላልተፈጠረ ሥዕል ሊመሰክር እንደሚችል ታወቀ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን፣ ማለትም የማይታተመው የጣውላ ክፍል ተፍቆ ከፍ ብሎ የቀረው ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተምበትን ጥበብ አስተምሯል፤ ከተማሪዎቹም አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነበሩ። በአገራችን ሥራዎች ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ተጨማሪ ፈተና ይሆናል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «65» ተብሎ የተጻፈን ኅትመት እንደ ፈረንጆቹ 1965 የሚያነብ ገማች፣ ሥራውን ከመሠራቱ 7 ወይም 8 ዓመት አስቀድሞ እንዲወለድ ያደርገዋል።

ይህን ጥርጣሬ የሚፈታው የዐውደ ርእዩ ካታሎግ ነው፤ የሥራውን ስም፣ መጠንና ዓመት ከዐውደ ርእዩ ቀን ጋር አብሮ ስለሚይዝ፣ ለክፍልፋዩ ቁጥር መዝገብ ይሆነዋል። ነገር ግን ስስ በመሆኑ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እርሱ ከጋዜጣ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ኅትመት የሚገዛ ሰው ካታሎጉንና ደረሰኙን አብሮ ያስቀምጥ፤ መዝገብ የሌለው 7/50 ከሒሳብ ትምህርት ያለፈ ነገር አያስረዳምና።