ያልፈረምነው ወረቀት

ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ፣ ቡሄ ካለፈ በኋላ በነበረ ዝናባማ ሳምንት፣ የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። የምመሰክረው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው፤ ከፋርታም ከጋይንትም ባላቸውን ወደ ግንባታና ወደ ድንጋይ ካባ የሚሸኙ ሴቶች ብዙ ናቸውና።

ሰልስቱ ሳይወጣ አሠሪው ሽማግሌ ላከ። ለቅሶ ደርሰው፣ ቡና ጠጥተው ሲያበቁ አንደኛው «ልጄ፣ እግዜር ያመጣው ነው፤ ሰውዬውም ሆነ ብሎ አላደረገው። ለልጆቹ ማሳደጊያ ይህን ልኳል» ብለው ፖስታ አወጡ። ከብሩ ጋር በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አለ። «ከእንግዲህ በማናቸውም ፍርድ ቤት የካሳ ጥያቄ አናቀርብም» ይላል፤ ከሥሩ የእኔና የአማቴ ስም፣ ከጎኑ ለጣት አሻራ የተተወ ባዶ ቦታ። አማቴ ፊደል አልቆጠሩም። «ምን ይላል?» አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። «አርባው ይውጣና እንነጋገራለን» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኛን ያተረፈን ይህ የእሳቸው ቃል ነው።

ሽማግሌዎቹን ክፉዎች ናቸው አልልም። በእኛ አገር ሰው ሞቶ ሽማግሌ የሚቀመጠው ደም ለማድረቅ ነው፤ እነሱም የእኛን ጉዳይ በዚያው ሚዛን መዘኑት። ገዳይ ከሌለ ዕዳም የለም፣ የሚሰጠውም እንደ ምጽዋት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እንዲህ አይልም። ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆነ ብሎ በራሱ ላይ ካደረሰ ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ። ስለዚህ ካሳ ለመጠየቅ ማንንም ነፍሰ ገዳይ ማለት አላስፈለገኝም። ቸልተኝነት ነበር ወይ የሚለውን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያጣሩታል፤ የካሳው ክስ የእነሱን መዝገብ አይጠብቅም።

ያማከረን የሕግ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጡረታ ይቆረጥለት ነበር?» ብሎ ነው። በሕጉ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ገቢ ይደረጋል፤ ያ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ አስቀድመን የምንጠይቀው የተተኪዎች አበል ነበር። ለባለቤቴ አንድም ቀን አልተቆረጠም። እንዲህ ሲሆን ካሳው ከአሠሪው ኪስ ይወጣል፦ የሟች የዓመት ደመወዝ 5 እጥፍ። ከዚያ ላይ ለሚስት 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 10፣ ሟች ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10። ድምሩ መቶ ካልሞላ የሁሉም ድርሻ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። በወር 4,000 ብር ያገኝ የነበረ ሰው ካሳው 240,000 ብር ነው። እንደ እኔ ሁለት ልጅና አንዲት አማት ባሉበት ቤት ለሚስት 150,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 30,000፣ ለእናት 30,000 ይደርሳል። የቀብር ወጪው ለብቻው ነው።

ከሰስን። አሠሪው ችሎት ቀርቦ «ሠራተኛዬ አይደለም፤ አላውቀውም» አለ። የጽሑፍ ውል አልነበረንም። ሕጉ ውል በቃልም ይጸናል ይላል፤ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። ያስረዳልን የካቦው የቁጥጥር ደብተር ነው። የባለቤቴ ረዳት የነበረ ልጅ ገጹን አስቀድሞ በስልኩ አንሥቶት ኖሯል። የባለቤቴ ስም ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ከፊቱ በየቀኑ የራይት ምልክት ተደርድሮ እስከወደቀባት ማክሰኞ ይደርሳል። ከማክሰኞ ወዲያ ባዶ ነው። ልጁ ራሱ ቆሞ መሰከረ። ሌሎቹ እንጀራቸውን ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም።

ሕጉ እንዲህ ያለ ክርክር በ60 ቀን ይወሰን ቢልም የእኛ መንገድ ሲዘጋ፣ ቀጠሮ ሲተላለፍ ከዚያ አለፈ። ሰፈሩም አልተኛም፤ «በሬሳ ነገደች» ተባልኩ። አማቴ ገበያ መሐል ይህን ሰምተው «የልጄ ልጆች የሚበሉት ሐሜት ነው እንዴ?» አሉ። ፍርድ ቤቱ ለእኛ ወሰነ፤ የልጆቹ ድርሻ በስማቸው ባንክ ገባ።

እኅቶቼ፣ ሐዘን ላይ ሳላችሁ ወረቀት ቢመጣላችሁ ለሕግ አዋቂ ሳታሳዩ አትፈርሙ። አብረውት ይሠሩ የነበሩትን ስምና ስልክ ያዙ፤ የቁጥጥር ደብተሩን ገጽ ፎቶ አስነሡ፤ የሆስፒታልና የፖሊስ ማስረጃ ውሰዱ። ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም። የካሳ ጥያቄ ግን በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ የሙት ዓመቱ ሳይደርስ ክሳችሁ መዝገብ ቤት ይግባ።