«ድንገት ቆመብኝ»

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከልጄና ከስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ጋር አራስ ልንጠይቅ በቀለበት መንገድ እየሄድን ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በፔርሙዝ የያዝኩት አጥሚት እንዳይቀዘቅዝ ቸኩያለሁ። ልጄ ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ ሲነዳ አንዱ ከጎን መጥቶ ክፍተቱ ውስጥ ገባ። ሌላውም ደገመ።

«ጠጋ በል እንጂ፣ ሁሉም እየገባብህ እኮ ነው!» አልኩት። ጠጋ አለ።

ብዙም ሳንሄድ የፊተኛው መኪና ቀጥ አለ። ልጄ ፍሬን ቢረግጥም አልደረሰም፤ ገጨነው። የልጅ ልጄ ከኋላ ቀበቶ ታስሮ ስለነበር ከመቀመጫው አልወጣም፤ ግን ደንግጦ አለቀሰ።

ልጄ ወርዶ «እንዴት እንዲህ ድንገት ይቆማሉ?» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። መልስ አልሰጡትም፤ በእጃቸው ብቻ አመለከቱ። ኳስ ያቀፈ ልጅ የመንገዱ አካፋይ ሥር ቆሞ ይንቀጠቀጣል። እኛ ጥፋት ያልነው ፍሬን የሰው ልጅ አትርፏል።

የትራፊክ ፖሊሷ ክርክሩን ሰምታ «ርቀትህን ጠብቀህ ነበር?» ብቻ አለችው። ልጄ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቅጣቱ የተጻፈው በእሱ ስም ነው፤ «ጠጋ በል» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ነርስ ሆኜ ስሠራ «ድንገት ቆመብኝ» የሚሉ ሹፌሮችን ቁስል አጥቤአለሁ። ያኔ ነገሩን የዕድል ጉዳይ አድርጌ እወስደው ነበር። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ደግሞ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልፋል። እኛ የተውነው ክፍተት ከአንድ መኪና ርዝመት አይበልጥም ነበር።

መለኪያው ቀላል ነው። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩ። ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ በጣም ቀርባችኋል። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ እጥፍ ይሁን።

በእርግጥ ተሳፋሪ ለመጫን መሐል መንገድ ላይ ቀጥ የሚል ታክሲ፣ የፍሬን መብራቱ የማይሠራ መኪናም ከጥፋት ነፃ አይደለም። የእሱ ጥፋተኛ መባል ግን ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ አንገት አያድንም። የአንገት ሕመም በማግስቱም ሊመጣ እንደሚችል ስለማውቅ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደረ።

አሁን የልጅ ልጄ ከኋላ ሆኖ ይቆጥርልናል። ሌላ መኪና ሲገባብን ልጄ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል። እኔም «ይግባ» እላለሁ። አጥሚት ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።