ድዱ ያበጠ ሕፃን ሲያመጡልሽ

ይድረስ ለልጄ፤

ከኮሌጅ በቀጥታ ወደ ምድብ ቦታሽ፣ ወደ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ እንደምትሄጂ አባትሽ ነገረኝ። የመንዝን ብርድና የልብሱን ነገር እሱ ስለሚጽፍልሽ እኔ አልገባበትም። እኔ የምጽፍልሽ በነርስነት ዘመኔ እናቶች ሳያቋርጡ ይዘውብኝ ይመጡ ስለነበረው ነገር ነው፤ ስለ ሕፃናት ጥርስ፣ ይልቁንም ጊዜው ሳይደርስ መጣ ስለሚባለው።

ገና ሥራውን ሳትለምጂው አንዲት እናት የ4 ወር ልጇን አዝላ ትመጣለች። ለሃጩ ይዝረከረካል፣ እጁን ይጎርሳል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፤ ምናልባትም ያስቀምጠዋል። «ግግ በቅሎበት ነው» ትልሻለች። አፉን ስትከፍቺ ከድዱ በስተጎን፣ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ነጣ ያለ እብጠት ታያለሽ። ጎረቤት ሁሉ እብጠቱ ካልወጣ ልጁን ይገድለዋል ብሏታል። በምስማር፣ በሽቦ ወይም በምላጭ ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰውም ከመንደሩ አይጠፋም።

እብጠቱ ምን እንደሆነ አንቺ ተምረሻል፤ ለእናትየው ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የወተት ክራንቻ ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ድዱ ሥር ሆኖ ሲያድግ ቦታውን ከፍ ያደርገዋል። ገና ስላልጠነከረ ሲያወጡት ለስላሳና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ትል ነው የሚሉትም ለዚህ ነው። አጠገቡ ደግሞ የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አለ። ምስማሩ እሱን ከነካው ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት ሲሆነው ክራንቻው ተበላሽቶ ይወጣል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም። ይህ እንግዲህ ከደም መፍሰሱ፣ ከመንጋጋ ቆልፉና ከደም መመረዙ ለተረፈው ነው። ከአገራችን ወደ እስራኤል የሄዱ ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጉዳት አይተው ጽፈዋል። ልማዱ ኡጋንዳም ታንዛኒያም አለ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ጎጂ ከሚላቸው ልማዶች መካከል በስም ጠቅሷቸዋል። ነገር ግን አደራሽን፣ ንግግርሽን በሕግ አትጀምሪ። በሕግ የተስፈራራች እናት ነገሩን ትደብቅሻለች እንጂ አትተወውም፤ ልጁ ሲደማ ወይም ሲያተኩሰው ወደ አንቺ ለመምጣትም ትፈራለች።

እኔ በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የማምነው አንድ ነገር አለ። ግግ የምታወጣው ሴት ለእናትየው የምታደርግላት ነገር አላት። እንቅልፍ አጥታ ላደረች እናት ያ ትልቅ ነገር ነው። አንቺ «ጎጂ ነው፣ እንዳታስወጪ» ብለሽ ብቻ ብትሸኛት ከጤና ጣቢያው ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ አትጠራጠሪ። ስለዚህ ከመከልከልሽ በፊት ማስታገሻውን አሳዪያት፣ አስይዣት፣ እዚያው ፊትሽ ታድርገው።

እጃችሁን ሁለታችሁም በሳሙና ታጠቡ። ጥፍሯ ረዥም ከሆነ ይቆረጥ። ከዚያ ጣቷን በልጁ ድድ ላይ አድርጋ ጫን እያለች፣ ሳትቸኩል፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ታሸው። አብዛኛው ሕፃን ጣቱን እየነከሰ ዝም ይላል። አንቺ ብቻ አሽተሽ ዝም ካሰኘሽው ነርሷ መድኃኒት አላት ትላለች፤ በራሷ ጣት ሲሆን ግን ለሌሊቱም መላ አገኘች ማለት ነው። ቅዝቃዜም ይረዳል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ ታስነክሰው። ከተማ ያሉት ማቀዝቀዣ ይጠቀማሉ፤ መንዝ ላይ ፈልቶ፣ ተከድኖ ያደረ ውኃ ከበቂ በላይ ነው። በረዶ የሆነ ነገር ግን ድዱን ስለሚያቆስል አይሆንም። ከሱቅ የሚገዛ ማስነከሻ ቀለበት ያላት እናት ከመጣች ወጥ የሆነው ላስቲክ ይሻላል፤ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ሊያፈስ ይችላል። በክር አስራ አንገቱ ላይ እንዳታንጠለጥለው ንገሪያት። ለሃጩን ቶሎ ቶሎ በለስላሳ ጨርቅ ትጥረገው፤ አገጩና አንገቱ ሥር ከቀላ ቫዝሊን ስስ አድርጋ ትቀባው። ማዘሉን፣ እሹሩሩውን፣ ጡቱን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዪው፤ በብርቱ የሚያስታግሱት እነሱ ናቸው።

ጥርስ ያበቀለ ልጅ ይነክሰኛል ብላ ጡት ለመከልከል የምታስብ እናት ብዙ ናት። ልጁ በደንብ እየሳበ ሳለ ምላሱ የታችኛውን ጥርስ ስለሚሸፍነው መንከስ አይችልም። የሚነክሰው ጠግቦ ሲጫወት ወይም አያያዙ ሲላላ ነው። በአፉ ጥግ በኩል ንጹሕ ጣቷን አስገብታ ታላቅቀውና ቆይታ ትመልሰው።

ቀድሞ ስለመጣ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጭንቀት ትሰሚያለሽ። የመጀመሪያው ጥርስ በአማካይ 6 ወር ገደማ ብቅ ይላል፤ በ4 ወር የሚያበቅልም፣ ዓመት የሚሞላውም ጤነኛ ነው። አንቺ ራስሽ 4 ወር እንኳ ሳይሞላሽ ነው የታችኛው የፊት ጥርስሽ የወጣው። አያትሽ ነፍሳቸውን ይማረውና ደንግጠው ሌሊት ሻማ አብርተው ያዩሽ ነበር፤ ምንም አልሆንሽም። በ2 እና በ3 ወሩ ለሃጩ የበዛ ሁሉ ጥርስ እያወጣ እንዳይመስልሽ። በዚያ ዕድሜ ምራቁ ይበረክታል፣ መዋጡን ግን ገና አልተካነም፤ እጁን መጉረሱም የዕድገቱ አካል ነው። ከ2,000 እስከ 3,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ገደማ ጥርስ ይዞ ይወለዳል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ምልክት ነው ብሎ ይሸበራልና አንቺ ተረጋጊ። ጥርሱን በጣትሽ ነካ አድርጊው። ከተነቃነቀ ወይም የልጁን ምላስ ካቆሰለ ወደ ሆስፒታል ላኪው፤ ጸንቶ ከቆመ ይቀመጥ፣ ከወተት ጥርሶቹ አንዱ ቀድሞ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። ጥርስ ያነጫንጫል፣ ድድ ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከባድ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን አያመጣም። የሚገጣጠሙበት ምክንያት አለ። 6 ወር አካባቢ ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያ ይመናመናል፣ ምግብ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ጥርሱም በዚያው ሰሞን ይመጣና ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ይላከካል። የመንዝ እናቶችን በዚህ የምትንቅ ባልደረባ ብታጋጥምሽ የፈረንጆቹን ታሪክ ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ1839 የእንግሊዝና የዌልስ የሞት መዝገብ ከ5 ሺህ በላይ ሞት ጥርስ በማብቀል ምክንያት የመጣ ነው ብሎ አስፍሯል። የተማሩ ሐኪሞች የሕፃናትን ድድ በስለት ይሰነጥቁ ነበር። ሜርኩሪ ያለበት የጥርስ ዱቄትም እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ድረስ እዚያው ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ሕፃናትን መርዟል።

ስለዚህ ድድ ያበጠበት ልጅ ካስቀመጠው የምታክሚው ተቅማጡን ነው። ኦ.አር.ኤስ. አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጪላት፤ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያለች ትስጠው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ትድፋው። ዚንኩ ከ6 ወር በታች ለሆነ ልጅ የ20 ሚሊ ግራሙ ክኒን ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ አንድ ሙሉ፣ በቀን አንዴ ለ10 ቀን። ተቅማጡ ሲቆም ታቋርጠዋለችና ይህን ደግመሽ ንገሪያት። እርግብግቢቱ ወይም ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ሰዓት አታባክኚ። ከ2 ወር በታች ሆኖ በብብቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ካተኮሰው ጥርስ የሚባል ቃል አታንሺ፤ ዕለቱን ሪፈር ነው።

ድዱ በጣም ላሠቃየው ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም መዝነሽ ስጪ፤ በቀን ከአራት ጊዜ አይለፍ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የሚያደነዝዝ የድድ ቅባት ይዘው ቢመጡ ቤንዞኬይን እንዳለበት አንብቢ። የዚያው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፤ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ማርም ዓመት እስኪሞላው አይቀመስ፣ ድዱ ላይ እንኳ አይቀባ። አረቄ የሚቀቡም ስላሉ ሳትጠየቂ አስጠንቅቂ።

ግግ ከምታወጣዋ ሴት ጋር አትጣዪ። ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሴት ናቸው፤ ክፋት አስበውም አያደርጉትም። ቤታቸው ድረስ ሂጂ፣ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» ብለሽ ቡናቸውን ጠጪ። ያዩትን ይንገሩሽ፣ አዳምጪ። ከዚያ «የሚያስቀምጠውን ልጅ ወደ እኔ ይላኩልኝ፣ ስሞትልዎ፣ ድዱን እንዳይነኩት አደራ» በያቸው። አንድ ልጅ በኦ.አር.ኤስ. ሲድንላቸው ካዩ ለመንደሩ የሚናገሩልሽ እሳቸው ራሳቸው ይሆናሉ። በየጤና ኬላው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይዘሽ ሂጂ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው።

በደረስሽበት ቀን መጋዘን ገብተሽ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ስንት እንዳለ ቁጠሪ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀናቸውንም እዪ። ካነሰ ክረምቱ ሳይገባና መንገዱ ሳይበላሽ ጠይቂ፤ ከዘገየብሽ ወረዳ ድረስ ሄደሽ አመልክቺ። ቴርሞሜትር ከሌለ ደውዪልኝ፣ ገዝቼ በመጀመሪያው መኪና እልክልሻለሁ።

እናትሽ