በሶ፣ ብላ!

ሞጣ ላይ ለውሻ ስም ማውጣት ቤተሰብ የሚያከራክር ጉዳይ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በልጅነቴ የሰፈራችን ውሾች ወይ ቡቺ ናቸው፣ ወይ ነብሮ፣ ወይም ጃክ የሚል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የፈረንጅ ስም ተሸክመው ይዞራሉ። ስሙን ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም። አንዱ ሲሞት ስሙ ለተተኪው ይተላለፋል። አያቴ በዕድሜዋ አራት ቡቺ ቀብራለች፤ አምስተኛው ግን ቡቺ አልሆነም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ሞጣ ሄጄ ነበር። ደጀን ላይ ከደብረ ማርቆሱ መንገድ ተለይተን፣ ብቸናን አልፈን፣ አመሻሽ ላይ ከአያቴ ግቢ ደረስን። በማግስቱ አጎቴ አንድ ቡችላ በጋቢያቸው ሸፍነው ገቡ። ከሰባራ ድልድይ አቅጣጫ፣ ከዐባይ አፋፍ ካለ ዘመድ ቤት ነው ያመጡት። ቡችላ ብሎ ለመጥራት እንኳ ይከብዳል፤ ዕድሜው ሁለት ወር ቢሆንም መዳፉ ከወዲሁ የጎረምሳ ውሻ መዳፍ ነው። እናቱ ከከርከሮ ፊት የማትሸሽ፣ የዝንጀሮ መንጋ ብቻዋን ከማሳ የምታስወጣ መሆኗን ሲያወጉን፣ አጎቴ የአንድ ትልቅ ባላባት የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር።

«ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዐባይ አፋፍ ላይ አላረሰም። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው ከገደሉ ሥር በመንጋ ይወጣል። ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይተኩታል። ጤፉ ታጭዶ አውድማ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ባለቤቱ አውድማው ላይ ያድራል፣ ውሻውም ራስጌው ተጋድሞ ሲያዳምጥ ያነጋል። ከዚህ ሌላ በረት አለ፣ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ። እንዲህ ላለ ውሻ የሚወጣ ስም አጭር፣ አፍ ሞልቶ የሚወጣ፣ በጨለማ ማዶ ለማዶ የሚሰማ መሆን አለበት። የጃንሆይ ውሻ ሉሉ ይባል ነበር፤ ለቤተ መንግሥት ምንጣፍ ያምራል። ከርከሮ የገባበት ማሳ ዳር ቆሞ «ሉሉ!» ብሎ መጣራት ግን ያሳፍራል።

አዲስ አበባ፣ በእኛ ሰፈር፣ የውሾቹ ስም ከኬክ ቤት መስኮት የተለቀመ ይመስላል፤ ኩኪ አለ፣ ብራውኒ አለ፣ ኦሪዮ አለ። ስለዚህ ትልቁ ልጄ «በርገር እንበለው» ሲል አልገረመኝም። አጎቴ ቅን ሰው ናቸውና ስሙን ሞከሩት። በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ጓሮ «በርገር!» ብለው ተጣሩ፤ ጥቂት አሰቡና «ይሄ የመኪና ስም ነው» ብለው ተዉት። «ፒዛ» የሚልም ሐሳብ ቀረበ። «እሱስ ሲጠሩት ያስነጥሳል» ተባለና ወደቀ።

በዚያ ሰዓት አያቴ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ለእንግዶቿ በሶ ትበጠብጥ ነበር። ገብሱ ከጮቄ ግርጌ የመጣ ነው። ይታመሳል፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይለያል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት አይፈልግም፣ ውሃና ጨው ይበቃዋል። ነጋዴውም ዘማቹም በአቅማዳው ቋጥሮት የኖረው ስለዚህ ነው። ትንሿ ልጄ አንዴ ሳህኑን አንዴ ቡችላውን አየችና «እማዬ፣ ቀለማቸው እኮ አንድ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። ፈረስ ቢሆን ኖሮ ቡላ የሚባለው ቀለም ነው። (ቡላም ቢሆን፣ ከእንሰት የሚሠራውን ለሚያውቅ፣ ዞሮ ዞሮ ምግብ ነው፤ ሞጣ ላይ ግን እሱን የሚበላ ሰው አላየሁም።) አጎቴ ከሳህኑ በጣታቸው ቆንጥረው ወደ ቡችላው ዘረጉና «በሶ፣ ብላ!» አሉት። በላ። አጥሩ ሥር የበቀለው በሶብላ ለሁላችንም እኩል ትዝ አለን መሰለኝ፣ ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የዚህ ውሻ መልአክ ቀልደኛ ነበር።

አያቴ ግን አልሳቀችም። «የእህል ስም ለውሻ አይሰጥም» አለች፤ ቀና ብላም አላየችንም።

ውድ አንባቢ፣ መጀመሪያ ላይ የመሰለኝ እህልን ስለማክበር ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ እህል አይረገጥም፤ በእህል ይማላል። ይህን ሳሰላስል ከዚያ በፊት ልብ ያላልሁት ነገር ታየኝ። ሰው ራሱ የምግብ ስም ይሰጠዋል፤ ብርቱካን፣ ትርንጎ፣ ሎሚ፣ ወለላ የሚባሉ ሴቶች በየመንደሩ አሉ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ የምትባል ሴት ግን አላጋጠመችኝም። ለልጅ ስም የሚሆነው ቢቀር የማይገድለው ምግብ ነው፤ የሚያኖረው እህል በስም አይነካም። እንስሳትም ቢሆኑ ሁሉም እኩል አይደሉም። ቴዎድሮስ በፈረሳቸው አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የእኛው አገር ሰው በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ተብለዋል። በውሻው ስም አባ እገሌ የተባለ ጀግና ግን አልሰማንም፤ አውድማ አብሮት ያደረው እሱ ሆኖ ሳለ።

የአያቴ ምክንያት ሌላ ነበር። ማታ፣ ልጆቹ ጭኔ ላይ ማንቀላፋት ሲጀምሩ፣ ሳንጠይቃት ነገረችን።

«በሶ አልሽው እንበል» አለችኝ። «እህል የጠፋ ቀን ምን ብለሽ ልትጠሪው ነው? ደጅ ቆመሽ በሶ! በሶ! እያልሽ ስትጣሪ፣ የሰማሽ ጎረቤት ውሻ የምትፈልጊ ነው የሚመስለው ወይስ የምትለምኚ?»

ከዚያም የአያቷን ነገር አነሣች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን አያቷ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የዚያን ዘመን ነገር ከመጻሕፍት አውቀዋለሁ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ተጽፏል። የበሽታው ስም በአማርኛ ደስታ ነው። ስም ማውጣት እንዲህም አድርጎ ይቻላል። ያ ደስታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ ይህን ስነግራት «እሰይ» ከማለት በቀር ብዙ አልተደነቀችም።

የአያቷ ቤት ውሻ ስሙ ድፎ ነበር። ወፍራምና ክብ ስለነበረ፣ በጥጋቡ ዘመን፣ ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው። በሬዎቹ አለቁ፣ ጎተራው ተራገፈ፣ ቤተሰቡ ሥራ ሥር መቆፈር ጀመረ። ልጅቷ አንድ ቀን እንደ ልማዷ ደጅ ወጥታ «ድፎ! ድፎ!» ብላ ተጣራች። ውስጥ ተኝቶ የነበረው ትንሽ ወንድሟ ዳቦ የመጣ መሰለው። ተነሣ። ግድግዳውን ተደግፎ እስከ በሩ ድረስ መጣና እጁን ዘረጋ።

እናቷ ያን ጊዜ አፏን በእጃቸው ከደኗት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻው በስሙ እንዳይጠራ በቤቱ ታዘዘ። ለእሱ የሚጣል ነገር ከጠፋም ሰንብቷል፤ እሱ ግን ደጃፉን ትቶ አልሄደም። ጅብ ሰው መድፈር በጀመረበት በዚያ ወራት ሌሊት ሌሊት ይጮኽ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ያ ውሻ ምን በልቶ እንደጮኸ እንጃ። አንድ ማለዳ ዝም አለ። ልጅቷ ስሙን ልትጠራው ፈልጋ ወንድሟን አየችና ተወችው።

እሳቱ ሲከስም ማንም ተነሥቶ እንጨት አልጨመረም።

በማግስቱ ጧት አጎቴ ነገሩን እንደገና አነሡት፤ ግትርነት በዘራችን አለ። በጎረምሳነታቸው በሰባራ ድልድይ እየተሻገሩ በጌምድር ማዶ ይነግዱ ነበር። በፋሲል ዘመን የተሠራው ያ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ከተቆረጠ ወዲህ፣ በ1994 ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ፣ መንገደኛው በገመድ ታስሮ ከግራና ከቀኝ በሚቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነበር የሚያልፈው። ሥሩ ዐባይ ነው።

«እናቴ» አሉ አጎቴ፣ «ገመዱ ላይ ስንጠለጠል ከእኔ ጋር የነበረው ጀርባዬ ላይ ያለው በሶ ብቻ ነበር። ደግሞስ ሰው ሴት ልጁን ስንቅነሽ ይል የለም እንዴ? እሷን ስንቅነሽ ያለ አገር ውሻውን ስንቅ ቢለው ምን አለበት?»

አያቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ክርክሩ ሳይጥማት አልቀረም። በኋላ ግን «ስንቅም ያልቃል» አለች። «እናንተ የወደዳችሁትን በሉት። እኔ አልጠራውም።»

ቃሏን ጠበቀች። ውሻው ዓመት ሳይሞላው ጥጃ አከለ፤ ሰፈሩ ሁሉ በሶ ሲለው እሷ «አንተ» ትለዋለች። «አንተ፣ ተነሥ»፣ «አንተ፣ ወዲያ በል።» ልጆቼ በስልክ «በሶ ደኅና ነው?» ሲሏት «ማን? ያ ውሻ? ደኅና ነው» ትላቸዋለች። ማሳውንም አውድማውንም ጠበቀ፤ በ2014 ዓ.ም. መኸር አንድ ትልቅ ከርከሮ ጎኑን ወግቶት ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር። ያን ጊዜ ቁስሉን በሞቀ ውሃ እያጠበች ያስታመመችው እሷው እንደሆነች አጎቴ ነግረውኛል። ያኔም በስሙ አልጠራችውም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፈተ ሲባል በማግስቱ ተዘጋ ይባላል። ስልክ ሲገኝ ይገኛል፣ ሲጠፋ ሳምንት ይጠፋል። አጎቴ በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ለሕክምና ሄደው መመለሻ አጥተው ስለነበር፣ አያቴ ከአንዲት የዘመድ ልጅና ከውሻው ጋር ብቻዋን ቀረች። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ምሽት፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ፣ ስልኩ ያዘልኝ።

ጤናዋን ጠየቅኋት። ይመስገን አለች። እህል አለ ወይ አልኋት። «አለ» አለች፤ ግን እሷ ባይኖርም አለ የምትል ሰው ናት፣ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ከእሷ እውነቱን ማውጣት አይቻልም። ወፍጮው ይሠራል ወይ ብዬ ልከተል ስል ከሩቅ የተኩስ የሚመስል ነገር ሰማሁ፤ ቀጥሎ የውሻ ጩኸት፣ መጀመሪያ ቅርብ፣ ከዚያ እየራቀ። ስልኩን መደብ ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። እርምጃዋ ተሰማኝ። በሩ ተንሲጠጠ።

«በሶ!» ብላ ተጣራች። «በሶ! በሶ!»

ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ያልጠራችው ስም ነው። ድምፅዋ ወደ ጨለማው ሲወጣ፣ እኔ አዲስ አበባ ላይ ስልኩን በጆሮዬ ጨብጬ፣ ጎረቤቶቿ ምን እንደሚመስላቸው አሰብሁ። እኔንስ ምን እንደመሰለኝ አላውቅም። ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ ተጣራች። ከዚያ ዝም አለች፤ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማሁም።

በሩ ተዘጋ። ስልኩን አነሣችው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«መጣ» አለችኝ።