ቺፑስ ተቀየረ፣ ፊደሉስ?

አባትየው የልደታ የድሮው ሰፈር ሳይፈርስ የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ቃለ ጉባኤውም የአባላቱ ስም ዝርዝርም ያለው አሮጌው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነው። ሰሞኑን ልጃቸው ከፍቶ፣ 33 ሜጋኸርዝ የነበረውን የኢንቴል 486 ፕሮሰሰር ነቅሎ በ66 ሜጋኸርዙ ዲኤክስ2 ተካው። ሶኬቱ ያው ነው፤ የቺፑ የውስጥ ፍጥነት ግን እጥፍ ሆነ።

ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ሲያዛውር ግን የወጣለት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ ለፊደሎቹ የየራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር።

«አባባ፣ በየትኛው ፕሮግራም ነበር የሚጽፉት?»

ስሙን ረስተውታል።

ሰፈሩ ፈርሷል፣ ጎረቤቱ ተበትኗል። የቀረው ዝርዝሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል በቤቱም በመሥሪያ ቤቱም ያለው ሰው፣ የሚያስታውሱት ሳያልፉ፣ ከፍጥነቱ በፊት ፎንቱን ይፈልግ።