የመቂ ሽንኩርትና የሳልስበሪ በቆሎ

ማሪላንድ ባሕር ዳር፣ ኦሽን ሲቲ ውስጥ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማንም አያውቃችሁም። ቤቱ ለሳምንት ነው የሚከራየው፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሚቀጥለው ተከራይ ዣንጥላውን ታቅፎ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ባለቤቴ ከማቀዝቀዣው፣ እኔ ከአሸዋው ጋር እንታገላለን። አሸዋ የማይገባበት የለም፤ ከጀበናው ጉሮሮ እንኳ አራግፌያለሁ። (ቡና መቁላቱ የቀረው በመጀመሪያው ጠዋት ነው፤ የጭስ ማንቂያው ጮኾ ፎቁን በሙሉ ቀሰቀሰብን።)

የኤሌክትሪክ መኪናችን 38 ፐርሰንት ላይ ነበረች። ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ሶኬት አለ፤ ግን የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢታደር ከሰባ ኪሎ ሜትር ብዙም የማያልፍ ጉልበት ነው የሚሰጠው። እሱንም ጎረቤታችን ቀድሞን ሰክቶበታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በዚህ በዚህ ይበልጠኛል፤ የእሱ ሶኬት 220 ቮልት ነው፣ መብራት ካልሄደበት።

ከኦሽን ሲቲ እስከ ቤታችን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቤንዚኗ መኪና ዘመን ይህን መንገድ አንድም ቦታ ሳንቆም ነበር የምንመለሰው። ልጅ ሽንቱ ካልመጣ በቀር ማን ይቆማል? እሁድ ልብስ ይታጠባል፣ ሰኞ ሥራ አለ። ዘንድሮ ግን ሳልስበሪ ላይ መቆም ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ቻርጀር አልሠራም አለ፤ ሁለተኛው ጋ ከፊታችን ሦስት መኪና ተሰልፏል። ተነጫነጭኩ። ባለቤቴ ዝም ብላ የኋላውን በር ከፍታ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ቆረሰች፣ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳች። ከእኛ ቀጥሎ የቆመው ሰው ሽታው ጠርቶት ይሁን አላውቅም፣ ወደ እኛ እያየ «ሀበሻ ናችሁ?» አለ። የጎንደር ልጅ ነው፤ ታክሲ ይሠራል። ድፎውን አብረን ጨረስን።

ተራችን ደርሶ 80 ፐርሰንት እስኪሞላ ሃያ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ከ80 በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ራሱን ለመጠበቅ የሚቀበለውን ይቀንሳል፣ የመጨረሻዋ ሃያ የመጀመሪያውን ሃምሳ ያህል ልታስጠብቅ ትችላለች። ልጆቹ እስከዚያ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ገበሬ አሥራ ሁለት እሸት በቆሎና አንድ ሀብሀብ ገዝተው መጡ። እንዲህ ያለ ነገር በመንገድ ዳር ገዝቼ ቤት ከገባሁ ስንት ዓመቴ!

የቀረው ቀላል ነው። ያ አገር ምጣድ የመሰለ ሜዳ ነው፤ ዳገት የሚባለው የቼሳፒክ ድልድይ ብቻ ነው፣ እሱም ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ። ክፍያው ወደ ባሕሩ ሲኬድ ብቻ ነው፤ ወደ ቤት መመለስ በነጻ ነው።

ባለፈው ጥር ደግሞ ከወንድሜና ከእማዬ ጋር ላንጋኖ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኛው ጋር ተቀራራቢ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና መግዛት ማለት ኤሌክትሪክ መግዛት ነው፤ ወንድሜም ገዛ። ሲሄዱ ቁልቁለት ስለሆነ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪውን ይሞላል፣ ወንድሜም ይፎክራል። ሲመለሱ ግን ከ700 ሜትር በላይ መውጣት አለ። ያኔ ፉከራው ጠፋ። ቬንትሌተሩ ተዘጋ፣ ሬዲዮውም ተዘጋ (ሬዲዮ ስንት ይበላል ብሎ እንደሆነ እንጃ)፣ ከባቱ ወደ ሞጆ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ገባን።

አባታችን በሕይወት ሳለ ይህን መንገድ የሚያውቀው በሚገዛበት ነበር። ዝዋይ (የዛሬዋ ባቱ) ዓሣ፣ መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም። ፔጆዋ አዲስ አበባ ስትገባ የኋላ መስኮቷ አይታይም።

«መቂ የት ቀረች?» አለች እማዬ።

«አልፈናታል።»

«ሽንኩርቱስ?»

«ክብደት ነው እማዬ፣ ባትሪ ይበላል።»

«እኔስ ክብደት አይደለሁም? እንግዲያው አውርደኛ!»

ወንድሜን አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮምን የመሰሉ ተቋማት ቻርጅ ማድረጊያ ከፍተዋል፤ መንገዱ ላይ ግን እንደ ማሪላንድ በየከተማው የተደረደረ ፈጣን ቻርጀር አላየንም። መንገድ ላይ መቅረትን የፈራ ሰው ሽንኩርት አይታየውም። የሚገርመኝ ነገሩ መገልበጡ ነው፤ ያው የኤሌክትሪክ መኪና እኛን በአሜሪካ አስቁሞ በቆሎ አስገዛን፣ እነሱን በአገራቸው ከመቂ አሳለፋቸው።

ያን ቀን አዲስ አበባ ቤት ስንገባ 21 ፐርሰንት ቀርቶ ነበር። እኔም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሰላሁት። 50 ኪሎ ሽንኩርት ያን ዳገት ለማውጣት 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ጎማው በመንገዱ ሁሉ የሚጎትተው ተጨምሮ እንኳ ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ አንድ ፐርሰንት አይሞላም። ባትሪውን የበላው ፍጥነቱ ነው፤ በሰዓት ከ100 ወደ 80 ቢወርድ የነፋሱ ግፊት ከሲሶ በላይ ይቀንስ ነበር። በአሮጌው መንገድ፣ በመቂ በኩል ደግሞ፣ ቢፈልግም ከ80 በላይ አያስነዳውም።

ከላንጋኖ በኤሌክትሪክ መኪና የምትመለሱ ሁሉ፣ ባቱ ላይ በአሮጌው መንገድ ቀጥሉ። ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ሽንኩርቱንም ጫኑ።